የመጨረሻው ቀን ፍላጻ

ዓመት ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ምንም ያልቀናው ሰው ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ቀን የትኛው ይመስላችኋል? ብዙ ሰው «ተስፋ የቈረጠበት ቀን ነው» ይላል። እኔም በበኩሌ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ስለ አደን ስንጻጻፍ ከርመን አሳቤን ለወጥሁ። አሥጊው ቀን የመጨረሻው ነው። እንዴት ቢባል፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

አብሮ አደጌ ዛሬ የሚኖረው በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ያደግነው ግን ሁለታችንም አቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን በር ላይ ጥለን ወደ ወንዙ እንወርድ ነበር። የባሕር ዛፍ ቀንበጥ አጕብጠን፣ የቃጫ ገመድ ወጥረንበት፣ በሸምበቆ ጫፍ ላይ ምስማር ሰክተን ቀስትና ፍላጻ እንሠራለን። በዚያ ቀስት ስንት ዋኔ እንደ ሳትን እግዜር ይወቀው። የመታነው ነገር ቢኖር የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው፤ እርሷም አልሞተችም፤ እኛ ግን በየቤታችን ተገረፍን። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስቱ ለምድጃ ሆነ።

ታዲያ ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ ይኸው ሰው ቀስት በእጁ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ የተነሣውን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ላከልኝ። «አዳኝ ሆኛለሁ» ይላል ከሥሩ። ሳቅሁና «ዶሮዋስ ደኅና ናት ወይ?» ብዬ መለስሁለት። በኋላ ግን ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን አስረዳኝ። የቀስት አደን ያስተማረው በሥራ ቦታው ያለ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። እዚያ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለ ሆነ ለጀማሪ አዳኞች የሚሰጠውን ትምህርት ተከታትሎ፣ ተፈትኖ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ፈቃድ አወጣ። የሚያድነውም ሲደነግጥ ጅራቱን እንደ ባንዲራ የሚያነሣውን፣ «ባለነጭ ጅራት» የሚባለውን አጋዘን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ። እኛ አጋዘን የምንለውና እነሱ የሚያድኑት እንስሳ በዘር አንድ አይደሉም። የእኛ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሰስ፣ ቆርኬና ሳላ ቀንዳቸው አንድ ጊዜ ከበቀለ አይወልቅም፤ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ደግሞ እንደ ጥፍራችን ያለ ልባስ ነው። የእነሱ ግን ራቁቱን የቆመ፣ ቅርንጫፍ ያለው አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይወድቃል፤ በየዓመቱም አዲስ ይበቅላል። እንዲህ ያለ እንስሳ በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ሲሆን በአገራችን ዱር የለም። ቢሆንም ሌላ የተለመደ ስም ስለሌለን አጋዘን እያልን እንቀጥል።

የእኛ የደጋ አጋዘን በበኩሉ በባሌና በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች ይኖራል እንጂ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ከገደላቸው እንስሳት ተነሥቶ ሊዴከር የተባለው ሊቅ በሳይንስ ስም የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ምስሉንም ሁላችን እናውቀዋለን፤ በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ላይ ተቀርጿል። ባለፈው ጥቅምት በክፍል ውስጥ አንዱን ተማሪ «አጋዘን አይተህ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው «አዎ፣ በሳንቲም ላይ» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አፈርሁ፤ ምክንያቱም እኔም ከዚያ ሳንቲም ሌላ ያየሁበት ቦታ የለም።

ባሌ ድረስ ለመሄድ የመምህር ደመወዝ አይፈቅድም። ነገር ግን ከአቃቂ ሜዳ ቆመን ወደ ምዕራብ ስንመለከት የወጨጫ ተራራ ይታየናል፤ በእርሱም ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥድ ያስተከሉበት ነው ተብሎ የሚነገርለት ደን ይኸው ነው። በዚያም «የምኒልክ ድኩላ» የተባለው፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ድኩላ ይኖራል፤ ይህም ዓይነት ከአገራችን ውጭ የለም። እንግዲያው አጋዘኑን ባላይ የሥጋ ዘመዱን ድኩላን ልይ ብዬ ተነሣሁ። ለአብሮ አደጌም «አንተ በቀስትህ፣ እኔ በዓይኔ እናድን፤ ማን ይቀድም እንደ ሆነ እናያለን» ብዬ ጻፍሁለት። ውርርዱ እንዲህ ተጀመረ።

መቸም ከአንባቢዎቼ መካከል «ያን የሚያህል እንስሳ መግደል እንዴት ይፈቀዳል?» የሚል ይኖራል። እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱ በታሪክ ውስጥ ነው። ባለነጭ ጅራቱ አጋዘን በአሜሪካ ለገበያ ሲታደን ኖሮ እ.ኤ.አ. ወደ 1900 ገደማ ከግማሽ ሚሊዮን የማይበልጥ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥጋውን መነገድ ተከለከለ፤ የአደን ወቅትና መጠን ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚጣለው ቀረጥ የሚገኘው ገቢ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል በሕግ ተደነገገ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቀስትና ፍላጻ በዚሁ ሕግ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ጥበቃውን በገንዘብ የሚደግፈው ራሱ አዳኙ ሆነ። ዛሬ አጋዘኑ 30 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። የሚበላው ተኵላ ከብዙው ስፍራ ስለ ጠፋ አትክልት ያወድማል፤ በመንገድ ላይም ከመኪና ጋር ይጋጫል። እዚያ ያለው ችግር መብዛቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ማነሱ። አንዱ አገር ላይ ልክ የሆነ ሥራ በሌላው አገር ላይ ጥፋት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ስለ ቀስቱም ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። ዛሬ ብዙዎቹ አዳኞች የሚይዙት ቀስት አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ መዘውር አለው። ገመዱ ሲሳብ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን መዘውሩ ስለሚያግዝ እጅ ላይ የሚቀረው ሸክም ሩብ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ አዳኙ ገመዱን ስቦ ለጥቂት ጊዜ መቆየት ይችላል። 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰኮንድ 85 ሜትር ቢበር ጉልበቱ 94 ጁል ያህል ይሆናል። የክላሽንኮቭ ጥይት ግን 2,000 ጁል ያህል አለው። ልዩነቱ ከ20 እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ የምንረዳው ፍላጻ የሚገድለው በጉልበቱ ሳይሆን በስለቱ መሆኑን ነው። ሳንባና ልብ ያሉበትን ስፍራ ካገኘ እንስሳው ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። ካላገኘ ግን ቈስሎ ይሄዳል፤ ማን እንደሚያገኘውም አይታወቅም።

ሌላም ችግር አለ። እንስሳው 27 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆም ፍላጻው እስኪደርስ 0.3 ሰኮንድ ያህል ይፈጃል። የገመዱ ድምፅ ግን በሰኮንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ በ0.08 ሰኮንድ ይደርሳል። ድምፁ ፍላጻውን ይቀድመዋል ማለት ነው። አጋዘኑም ለመዝለል ሲል በመጀመሪያ ጕልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ ልብ ላይ የታለመው ፍላጻ በጀርባው ላይ ያልፋል፤ ወይም የማይገባ ቦታ ይመታዋል። በዚህ ምክንያት ጨዋ የቀስት አዳኝ ብዙ ጊዜ ከ20 ወይም ከ30 ሜትር በላይ አይወረውርም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሩቅ ይተኩሳል፤ ቀስት የያዘ ሰው ግን የእንስሳውን ጠባይ ተምሮ፣ ነፋሱን አውቆ፣ እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ መቅረብ አለበት።

ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ በተባለ ስፍራ የተገኙት ሹል የባልጩት ጫፎች ከ279,000 ዓመት በፊት በጦር ዘንግ ላይ ተስክተው ይወረወሩ እንደ ነበር ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አስረድተዋል። በምሥራቅ አፍሪካም የቀስት አዳኞች ፍላጻቸውን መረንዝ ከሚባለው ዛፍ በሚወጣ መርዝ ይቀቡ ነበር፤ ያው መርዝ በጥቂቱ ሲመጠን ለልብ መድኃኒትነት ያገለገለ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ ይህን አንብቦ ቀስት ልሥራ የሚል ወጣት ቢኖር ከወዲሁ ላስጠንቅቀው። በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ የተከለከለ ነው። የእኛ ቀስት ዓይናችን ይሁን።

ወደ ውርርዱ ልመለስ። አብሮ አደጌ በመስከረም መጨረሻ ወቅቱ ሲከፈት በየሳምንቱ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ዛፍ ላይ በታሰረች ማማ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ማማ ስል ገበሬዎቻችን ወፍ የሚጠብቁባትን የመሰለች፣ ግን ለአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ የምትበቃ ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ነፋሱ በጀርባው ነበርና አጋዘኖቹ ሽታውን ከሩቅ አውቀው ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት አሳለው። በሦስተኛው አንዲት እንስት ከሥሩ ቆመች፤ እርሱ ግን ስልኩን ሲያይ ነበርና ቀና ሲል ሄዳለች። በኅዳር መጀመሪያ ወንዶቹ እንስት ፍለጋ ጥንቃቄያቸውን ትተው በቀን የሚዞሩበት ጊዜ መጣ፤ ይህ ለአዳኝ የዓመቱ መልካም ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ሥራ አዝዞት ከማሽን ሥር ዋለ። ከዚያም የጠመንጃ ወቅት ተከፈተና ጫካው በተኩስ ተናወጠ፤ የተረፉት አጋዘኖች ቀን ቀን ተኝተው ሌሊት ብቻ የሚወጡ ሆኑ።

ከኅዳር 22 ገደማ ጀምሮ የኋለኛው የቀስት ወቅት ይባላል። ይህ የቀስት አደን ከባዱ ክፍል ነው። ቅጠሉ ረግፎ ማማው ላይ ያለ ሰው ከሩቅ ይታያል። አጋዘኖቹም በመንጋ ሆነው ስለሚሄዱ አንድ ዓይን ማታለል ቢቻል አሥር ዓይን ማታለል አይቻልም። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። በዚያም ላይ የነቢያት ጾም ገብቷል። እናቱ አሁንም አቃቂ ናቸውና በስልክ ሲያገኙት «ልጄ፣ በጾም ሥጋ ፍለጋ ዛፍ ላይ ትወጣለህ?» አሉት። «እማዬ፣ ለገና ነው» አለ። «እሺ፣ ለገና ይሁን፤ በፍላጻ የወደቀውን ማን ባርኮት ነው የምትበላው?» ቢሉት መልስ አጣና «መጀመሪያ ይውደቅ» ብሎ አሳቃቸው።

የእኔም ዓመት ከእርሱ የተሻለ አልነበረም። ከቃሊቲ ተነሥቼ በዓለም ገና በኩል ሰበታ፣ ከሰበታም ወደ ደኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁት በኅዳር ነው። አራት የሥራ ባልደረቦቼ ተከተሉኝ። ዳቦና ለውዝ ይዘን፣ ስለ ደመወዝና ስለ ኳስ እየተከራከርን ገባን። ከጉሬዛ በቀር ያየነው የለም፤ ጉሬዛዎቹም ከዛፍ ላይ ሆነው እኛን ሊጐበኙ የመጡ ይመስሉ ነበር። ሁለተኛ በየካቲት ብቻዬን ሄድሁ። ጫካው ውስጥ ጥቂት እንደ ተጓዝሁ ውሻ ሲጮህ ሰማሁና «እዚህም ውሻ አለ?» ብዬ የደን ጠባቂውን ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ሳቁና «መምህር፣ ውሻ አይደለም፤ ድኩላው ነው የጮኸብህ። አንተ ሳታየው እርሱ አይቶሃል» አሉኝ። ሦስተኛ በሚያዝያ ስሄድ የበልግ ዝናብ ከሰበታ መለሰኝ። እንግዲህ ለሦስት ጉዞ ያወጣሁት ገንዘብ አንድ ጫማ ይገዛ ነበር።

አሁን ወደ መጨረሻው ቀን ደረስን። የቨርጂኒያው ወቅት የሚዘጋው በእነሱ አዲስ ዓመት የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲሆን ይህም ከእኛ ገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ዋለ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። አብሮ አደጌ ከማማው ወርዶ መኪናው ውስጥ ሆኖ በድምፅ የላከልኝ መልእክት ነበር፤ ጥርሱ በብርድ ሲንገጫገጭ ይሰማል።

የነገረኝም ይህ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ብቻውን መጣ። ነፋሱ ለእርሱ ተስማምቶለታል፤ እንስሳው አላሸተተውም። በ25 ሜትር ላይ ቆመ። አብሮ አደጌ ገመዱን ሳበ። ሦስት ወር የጠበቀው ነገር በፊቱ ቆሟል። ግን አጋዘኑ ፊቱን ወደ እርሱ አዙሮ ነበር። ፊት ለፊት የቆመ እንስሳ ደረቱ በአጥንት የተጋረደ ነው፤ የሳንባው መግቢያ ጠባብ ነው፤ ፍላጻ ጥቂት ከሳተ ትከሻው ወይም ሆዱ ውስጥ ይቀራል። «ጎኑን ያዞርልኛል» እያለ ጠበቀ። አንድ ሰኮንድ፣ አሥር ሰኮንድ፣ ከዚያም በላይ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርሃኑ እየደከመ ነው። ነገ ደግሞ ወቅቱ ይዘጋል። «በውስጤ አንድ ድምፅ፣ ‹ልቀቀው፤ ከዚህ በኋላ ምን ቀረህ?› ይለኝ ነበር» አለ። ከዚያም ገመዱን ቀስ አድርጎ መለሰው። አጋዘኑ ያን እንቅስቃሴ አየ፤ እግሩን መሬት ላይ መታ፤ ነጭ ጅራቱን አንሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ደውዬ «ለምን አልለቀቅኸውም? ምናልባት ትመታው ነበር እኮ» አልሁት። ትንሽ ዝም ብሎ «ምናልባት እመታው ነበር። ነገር ግን መስከረም ላይ ቢሆን ያን ፍላጻ እለቅ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አልለቅም ነበር። እንግዲያው ልቀቅ የሚለኝ ያለፈው ሦስት ወር ነው እንጂ የቆመው አጋዘን አይደለም» አለኝ። ለገናም እናቱ እንደ ተመኙለት የተባረከ የበግ ሥጋ ከአበሻ ሥጋ ቤት ገዝቶ በላ።

ይህን ሰምቼ «እኔም እንደ እርሱ ነኝ» ብዬ ነበር። እንዳልሆንሁ ያወቅሁት በግንቦት ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብዬ ዋዜማውን ሰበታ አድሬ በማለዳ ወደ ደኑ ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ሽታ ያለው ሳሙና አልታጠብሁም፤ ጓደኛም አልጠራሁም። ሽማግሌው የደን ጠባቂ ከኪሳቸው ትንሽ አመድ አውጥተው በጣታቸው ለቀቅ አደረጉና ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አሳዩኝ። ከዚያም ከአንድ ዝግባ ሥር አስቀምጠውኝ «ዝም በል፤ እጅህንም ዝም አሰኘው» ብለውኝ ሄዱ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥሁ። እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ በኋላ ከቍጥቋጦው ውስጥ አንድ ጥላ ተነቃነቀና ድኩላ ሆነ። ጥቁር የሚመስል ወንድ ነው። ቀንዱ አጭርና ጥምዝ፣ ጆሮው እንደ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቂት ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። አንድ እግሩን አንሥቶ ያስባል፤ ያስቀምጣል፤ ደግሞ ሌላውን ያነሣል። ምናልባት ሠላሳ እስክትቈጥሩ ድረስ አየሁት። እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት! ግን ሦስቱ ባዶ ጉዞ ትዝ አለኝ፤ የተማሪዎቼ ሳቅ ትዝ አለኝ፤ ማስረጃ ፈለግሁ። እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ስልኬን አነሣሁ። ድኩላው እንደ ውሻ አንድ ጊዜ ጮኸና ጠፋ። በስልኩ ውስጥ የቀረው ፎቶግራፍ ቅጠል ብቻ ነው።

በሳምንቱ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ ይሠራል። እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ በፈተና ዕድል ያልቀናው ልጅ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። ይህም ልጅ ከዚያ ብዙኀን መካከል አንዱ ነው። አሁን በመሥሪያ ቤቱ አንድ የእድገት ቦታ ተከፍቷል፤ ዲግሪ ግን ይጠይቃል፤ የማመልከቻው ጊዜ በዐርብ ቀን ያበቃል። «ጋሼ፣ ወረቀቱን በሁለት ቀን የሚሠራልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስለፋ ከርሜ ምንም አላገኘሁም። ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

ስብከት ልጀምርበት አሰብሁና ተውሁት። ሐሰተኛ ማስረጃ እንደሚያስቀጣ እርሱም ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነውና። ይልቁንም የአብሮ አደጌን አጋዘን ነገርሁት። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ «ይህ ሰው በመስከረም መጥቶ ቢሆን፣ ገና ሳይከፋህ፣ ወረቀቱን ትቀበለው ነበር ወይ?» መልስ አልሰጠኝም። ስልኬን አውጥቼ ያን የቅጠል ፎቶግራፍ አሳየሁት። «ይህ ምንድን ነው?» አለ። «ድኩላ ነበር» አልሁት።

እዚህ ላይ «ችግር የሌለበት ሰው ነው እንዲህ የሚመክር» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ለአብሮ አደጌ አጋዘኑ ጨዋታ ነው፤ ለዚያ ልጅ ግን እድገቱ የቤት ኪራይ ነው። ቢሆንም የቈሰለው እንስሳ ጉዳይ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። አብሮ አደጌ ገመዱን ቢለቅ ኖሮ የሚሠቃየው በጫካ ውስጥ አጋዘኑ ነበር። በሐሰተኛ ወረቀት ሹመት ቢገኝም የሚጐዳው በመዝገብ ቤት ወረፋ የሚጠብቀው ባለ ጉዳይ፣ ደግሞም ያለ ተንኮል ተምሮ ያንኑ ቦታ ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ጸሐፊ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶች። ወጥ ቢፈስ ይለቀማል፤ የተለቀቀ ፍላጻ ግን አይለቀምም።

ስለዚህ ውጤት የምትጠብቁ ተማሪዎች፣ የዓመቱ የሥራ ግምገማ ያልሠመረላችሁ ሠራተኞች፣ አሁን በወቅቱ መጨረሻ ላይ ናችሁና አብሮ አደጌ ራሱን የጠየቀውን ጥያቄ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። የሚቀጥለው ወቅት ደግሞ አለ። የወደቀ ተማሪ እንደገና ይፈተናል፤ በማታ ትምህርት ዲግሪውን የጨረሰ ጸሐፊም በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ይዘገያል እንጂ።

ያ ልጅ በመጨረሻ ምን እንዳደረገ እስካሁን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አብሮ አደጌ የሚመጣውን ዓመት ፈቃድ ለማውጣት ገንዘብ እያስቀመጠ ነው። እኔም ክረምቱ ሲያልፍ ወደ መናገሻ እመለሳለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስልኬን ከሽማግሌው ዘንድ ትቼ እገባለሁ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።